እምቦጭን ለቦዮቻችን ማጣሪያ እናድርገው ወይ?

የመነሻ ጽሑፍ። ይህን የመድረካችንን ክር (የአንድ ጥያቄና የመልሶቹን ሰንሰለት) የከፈተው ራሱን የፖሊ ግቢ (የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ) ተማሪ ብሎ ያስተዋወቀ የባሕር ዳር ልጅ ነው። እምቦጭ ክሮሚየምን፣ እርሳስን፣ ካድሚየምንና መዳብን የመሳሰሉ ከባድ ብረቶችን በሥሩ ከውሃ እንደሚመጥጥ በክፍል ተምሯል። እንግዲያው ከጋራዦች፣ ከላቫጆዎችና ከፋብሪካዎች የሚወጣው ፍሳሽ ወደ ጣና ወይም ወደ ዓባይ ከመግባቱ በፊት እምቦጭ በሞላበት ኩሬ ውስጥ እንዲያልፍ ቢደረግ ምን ይከለክላል ብሎ ጠየቀ። ሕዝብ በዘመቻ ወጥቶ፣ ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ በእጁ ሲነቅለው የከረመ አረም ብረቱን አጥፍቶ ቢክሰን አይከፋም የሚል ሐሳብም አክሎበት፣ ታላላቆቹ የጎደለውን እንዲሞሉለት ለምኖ ጨረሰ። በየጊዜው ወደ መድረኩ የሚመጣ ሰው ሁሉ ይህንኑ ጥያቄ እንደ አዲስ ስለሚያነሣ መልሶቹን በየቁጥራቸው አሳጥሬ አስፍሬያለሁ፤ የራሴ አስተያየት ጣልቃ የገባበት ቦታ በግልጽ ይታያል።

መልስ 1። የመጀመሪያው መላሽ ጡረታ የወጡ የሥነ ሕይወት መምህር ናቸው፤ ልጁን አመስግነው ሐሳቡ መሠረት እንዳለው ነገሩት። የእምቦጭ ሥር እንደ ጥቁር ላባ ተዘርዝሮ ውሃው ውስጥ ስለሚንጠለጠል ከውሃው ጋር የሚገናኝበት ገጽ እጅግ ሰፊ ነው፤ የሥሩ ገጽ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) ስላለው አዎንታዊ ሙል የያዙትን የብረት አዮኖች ይስባል። ከሚያዘው ብረት አብዛኛው እዚያው ሥሩ ላይ ይቀራል፤ ወደ ቅጠሉ የሚወጣው ጥቂቱ ነው። በጣም መርዛማ የሆነው ባለ ስድስት ሙል ክሮሚየም ሥሩ ውስጥ ሲገባ ጉዳቱ ወደሚያንሰው ባለ ሦስት ሙል እንደሚለወጥም አስረድተዋል። የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ሚሲሲፒ በሚገኘው ማዕከሉ በዚሁ ተክል ፍሳሽ ያጣራ እንደነበር በመጥቀስ ተማሪው የማንም መሳቂያ እንደማይሆን አረጋግጠውለታል።

መልስ 2። አጭርና ጨዋ እርማት ነው። ተማሪው ተክሉ ብረቱን ያጠፋዋል ብሎ ስለጻፈ፣ ሰገራም ሆነ ዘይት በተሕዋስያን ተበልቶ ሊፈርስ ሲችል ብረት ግን ንጥረ ነገር በመሆኑ ቦታ ከመለወጥ በቀር እንደማይጠፋ አንዱ አስታወሱት። የተቀረው ክርክር ሁሉ ከዚህ መልስ ነው የሚነሣው፤ ያን ጊዜ ግን ማንም ልብ አላለውም።

መልስ 3። የባሕር ዳሩ የሽምብጥ ሰፈር ነዋሪና የውሃ ጥራት ባለሙያ መሆናቸውን የገለጹ እኅት ካርታውን ዘረጉት። እምቦጭ ጣና ላይ መኖሩ የታወቀው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው፤ በብዛት የያዘውም ሰሜናዊውንና ምሥራቃዊውን ዳርቻ፣ ማለትም ደንቢያን፣ ጎንደር ዙሪያን፣ ሊቦ ከምከምንና ፎገራን ነው። በዚያ በኩል መገጭ፣ ርብና ጉማራ ከእርሻ መሬት አጥበው የሚያመጡት ለም ደለል አለ። የከተማው ፍሳሽ የሚገባው ግን ከሐይቁ ደቡባዊ ጫፍ ላይ ነው። ዓባይም ከሐይቁ የሚወጣው እዚሁ ስለሆነ ከመውጫው በታች ወደ ወንዙ የሚለቀቅ ነገር ሁሉ የሚሄደው ወደ ጢስ ዓባይና ከዚያ በታች ወዳሉት መንደሮች እንጂ ወደ ሐይቁ ተመልሶ አይደለም። ስለዚህ ተክሉና ብረቱ የሚገኙት በተለያየ ዳርቻ ነው። እነሱን ለማገናኘት ሲባል እምቦጭ ሆን ተብሎ ባሕር ዳር ኩሬ ውስጥ ቢራባ፣ አንድ የክረምት ጎርፍ ኩሬውን አጥለቅልቆ ችግኙን ወደ ዓባይ ቢያወርደው፣ ከታች የሚጠብቀው የሕዳሴው ግድብ ሰፊና ጸጥ ያለ ውሃ ነው። በተመቸው ውሃ ላይ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ የሚሆን፣ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት የሚቆይ ተክል ነውና ስሕተቱ አንዴ ከተፈጸመ መመለሻ የለውም። እኔ ብሆን ይህን መልስ ከክሩ አናት ላይ ሰቅዬ ከእርሱ በፊት ሌላ እንዳይነበብ አደርግ ነበር።

መልስ 4። ተከታዩ መሐንዲስ ነው፤ ተክሉን ሳይነቅፍና ሳያወድስ ሒሳብ ብቻ ሠራ። ትኩስ እምቦጭ ከመቶ 95 እጁ ውሃ ስለሆነ አንድ ቶን ትኩስ እምቦጭ ሲደርቅ 50 ኪሎ ይሆናል። አንድ ኪሎ ደረቅ ተክል 1,000 ሚሊግራም ክሮሚየም ይይዛል ብለን በልግስና ብንገምት፣ ከአንድ ቶን ትኩስ አረም የምናገኘው 50 ግራም ክሮሚየም ነው። አሁን በቀን 1,000 ሜትር ኪዩብ ፍሳሽ የሚለቅ፣ በሊትር 2 ሚሊግራም ክሮሚየም ያለበት ፋብሪካ እናስብ። በቀን 2 ኪሎ ክሮሚየም ይወጣል ማለት ነው፤ ያን ሁሉ ተክሉ ብቻውን ይያዘው ከተባለ በየቀኑ 40 ቶን ትኩስ እምቦጭ መታጨድ አለበት። በጥሩ ሁኔታ የሚያድግ እምቦጭ በአንድ ካሬ ሜትር በቀን 20 ግራም ደረቅ ክብደት ይጨምራል ብንል እንኳ 10 ሄክታር ኩሬ ያስፈልጋል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ እንጂ የማንም ፋብሪካ እንዳልሆኑ አስጠንቅቆ፣ ማንም የራሱን ቁጥር ተክቶ እንዲያሰላው ጋበዘ። መድረካችን ላይ እንዲህ ያለ ሒሳብ ብዙ ጊዜ አይታይም፤ በስሜት ከሚጻፉ አሥር መልሶች ይህ አንዱ ይሻለኛል።

መልስ 5 እና 6። እዚህ ላይ ነገሩ ከረረ። አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ፣ በባልዲ በተደረጉ ሙከራዎች በጥቂት ቀናት ውስጥ አብዛኛው ብረት ከውሃው ሲወጣ እንደሚታይ ጠቅሶ፣ መሐንዲሱ ተስፋ ለማስቆረጥ የተነሣ ይመስላል አለ። ቀጥሎ የመጣው መላሽ እስከዚያ ድረስ የነበረውን እርስዎ መባባል ትቶ በአንተ ገባበት። ባልዲ ውስጥ ጎርፍ የለም፣ ደለል የለም፣ የቆዳ ፋብሪካ ጨውና ሰልፋይድ የለም፤ ንጹሕ ውሃ ላይ ጥቂት ክሮሚየም ጠብ አድርጎ፣ ያማረ ተክል አስቀምጦ፣ ከመቶ ይህን ያህል ተወገደ ብሎ መመረቂያ መጻፍ ቀላል ነው ሲል ተናገረው። ክሮሚየም የሚወጣበት እውነተኛ የቆዳ ማልፊያ ፍሳሽ ሳይቀጥን ቢቀርብለት ተክሉ ብረቱን ከመምጠጡ በፊት ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይሞታል፤ ሲበሰብስም የያዘውን መልሶ ይለቃል። ቃሉ ሻካራ ነበር፤ ይሁን እንጂ ፍሬ ነገሩን የተቃወመ አልተገኘም። በመቶኛ የሚነገር የማስወገድ አቅም ስለ ባልዲው መጠን፣ ስለ ተክሉ ብዛትና ስለ ቆይታው ካልተነገረ ትርጉም እንደሌለው እኔም እስማማለሁ።

መልስ 7። የዘጌ ተወላጅ የሆኑ አባት ጠቡን ለማብረድ ወሬውን ወደ ደንገል ወሰዱት። በልጅነታቸው ዳርቻው በደንገል የታጠረ እንደነበር፣ ታንኳ ሠሪዎችም ደጃቸው ላይ ያጭዱት እንደነበር፣ ዛሬ ግን ውሃው ሲሸሽ ዳርቻው እየታረሰ ደንገሉ በየቦታው ስለተመናመነ ራቅ ብለው መፈለግ ግድ እንደሆነባቸው ተረኩ። ስለ ታንኳ አሠራር፣ ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ሲከብድ ታንኳው ብዙም ሳይቆይ በአዲስ እንደሚተካም ሰፊ ገለጻ አድርገዋል፤ ከጉዳዩ ቢወጣም ማንም አላቋረጣቸውም። መጨረሻ ላይ ግን፣ ማጣሪያ የሚሆን ተክል ከተፈለገ የሐይቁ የራሱ ልጅ እያለ ከአማዞን የመጣ እንግዳ ለምን ይሾማል ብለው ጠየቁ። ከዚህ መልስ በኋላ ክሩ ውስጥ እምቦጭ ብቻውን መነሣቱ ቀርቶ ደንገልና ፊላ (ሌላው ረግረግ ላይ የሚበቅል ረጅም ተክል) አብረውት መነሣት ጀመሩ።

መልስ 8 እና 9። አንድ ዓሣ አስጋሪ፣ ይህ ሁሉ ከተባለ እኛ የምናወጣው ቆሮሶና አምባዛ ይበላል ወይስ አይበላም ሲል ጠየቀ። የሽምብጧ ባለሙያ ተመልሰው፣ አብዛኞቹ ከባድ ብረቶች በዓሣው ሥጋ ውስጥ ከሚከማቹት ይልቅ በጉበቱ፣ በኩላሊቱና በስንጥቡ ውስጥ እንደሚበዙ፣ ከዚህ ዋነኛው ልዩ ሁኔታ ሥጋው ውስጥ የሚከማቸው ሜርኩሪ እንደሆነ፣ መቀቀልም ሆነ መጥበስ ብረትን እንደማያስወግድ፣ ሆድ ዕቃውንና ስንጥቡን አውጥቶ መጣል ግን የቆየና ትክክለኛ ልማድ እንደሆነ አብራሩ። ከፍሳሽ መውጫ አፍ ላይ የሚሰገር ዓሣና ከሐይቁ መሐል የሚሰገረው በአንድ ዓይን መታየት እንደሌለባቸውም አሳሰቡ።

መልስ 10 እና 11። ከእምቦጭ ከሰልና ማዳበሪያ ለመሥራት ያሰበ ወጣት፣ የታጨደው አረም በዚህ መንገድ ገቢ ያስገኛል፣ ከብትም ይበላዋል በማለት መሐንዲሱ ያስቸገረበትን 40 ቶን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨረሰው። የተሰጠው ምላሽ ቁጡ ነበር። መላሹ ሁለት ነገሮችን ለየ። ከፎገራ ወይም ከደንቢያ ዳርቻ፣ ከፋብሪካ ርቆ የበቀለ አረም ተመርምሮ ለማዳበሪያ ቢውል ችግር ላይኖረው ይችላል፤ ብረት እንዲመጥጥ ታስቦ ፍሳሽ ላይ ያደገ አረም ግን ለማዳበሪያ ከዋለ ብረቱን ከቦይ አንሥቶ ወደ ጎመን ማሳ መውሰድ ነው። ባዮጋዝ ቢሠራበት ጋዙ ይወጣል እንጂ ብረቱ ከተረፈ ምርቱ ጋር ይቀራል። ቢቃጠል አብዛኛው አመዱ ውስጥ ተጠራቅሞ ይገኛል፣ ሜርኩሪ ደግሞ ከጭሱ ጋር ይተናል። የፎገራን ከብት ያንን ማብላት ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢው ትቶለታል። ወጣቱ ተቀይሞ ለጥቂት ጊዜ ከክሩ ጠፋ፤ ልዩነቱ በለሰለሰ ቃል ቢነገረው ኖሮ ይቀበለው እንደነበር እገምታለሁ።

መልስ 12። በእኔ አስተያየት የክሩ ዋና መልስ ይህ ነው፤ ግማሹ አንባቢ ግን ርዝመቱን አይቶ ያለፈው ይመስለኛል። ጸሐፊዋ ስለ ሰው ሠራሽ ረግረግ ያጠኑ ናቸው፤ ሁለቱም ወገን፣ እምቦጭን የሚያወድሰውም የሚያወግዘውም፣ አንድ ነገር ዘንግቷል ብለው ተነሡ። ፍሳሽ በጠጠርና በፊላ ወይም በደንገል በተሠራ ረግረግ ውስጥ ሲያልፍ ከሚያዘው ብረት ተክሉ ራሱ የሚመጥጠው በአብዛኛው ትንሹ ድርሻ ነው፤ ትልቁን የሚይዘው ጭቃው ነው። ውሃው በግንዶቹ መሐል ሲዘገይ ደለሉ ይሰፍራል፤ ብረቱም ብዙውን ጊዜ ከደለሉ ጋር ተጣብቆ ስለሚጓዝ አብሮ ይሰፍራል። የሞተ ቅጠልና ሥር ጭቃው ውስጥ ሲበሰብስ ኦክስጅን ያልቃል፤ ኦክስጅን በሌለበት የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ሰልፌትን ወደ ሰልፋይድ ይለውጣሉ፤ ሰልፋይዱም ከእርሳስ፣ ከካድሚየም፣ ከዚንክና ከመዳብ ጋር ተዋህዶ በውሃ የማይሟሟ ጠጣር ይሆናል። ክሮሚየም በሌላ መንገድ ነው የሚያዘው፤ ወደ ባለ ሦስት ሙል ተለውጦ ሃይድሮክሳይድ ሆኖ ይዘቅጣል። በዚህ አሠራር ተክሉ ውሃውን ማዘግየት፣ ባክቴሪያውን መመገብና ጭቃው እንዳይታጠብ በሥሩ መያዝ ነው ድርሻው። ስለዚህ የመሐንዲሱ 40 ቶን ተክሉ ብቻውን ይሥራ ለተባለበት ኩሬ ልክ ነው፣ ለረግረግ ግን አይሠራም። ነገር ግን ጸሐፊዋ ነገሩን ቀላል አላደረጉትም። በዓመታት ውስጥ ጭቃው ራሱ መርዛማ ይሆናል፤ ረግረጉ ቢደርቅና ጭቃው አየር ቢያገኝ ሰልፋይዱ ተመልሶ ይሟሟል፤ በክረምት ኃይለኛ ጎርፍ ቢገባበትም ተጠራርጎ ይሄዳል። ስለዚህ ረግረግ ሲሠራ የጎርፍ ማለፊያ ቦይ ለብቻ መኖር አለበት፤ ጭቃውን መቼ፣ ማን፣ ወዴት እንደሚያወጣውም አብሮ መታቀድ አለበት። በዚያው ላይ በእምቦጭ የተሸፈነ ጸጥ ያለ ኩሬ ከእምቦጩ በታች ኦክስጅን ስለሚያጣ ከብረት (አይረን) ኦክሳይድና ከማንጋኒዝ ኦክሳይድ ጋር ታስሮ የነበረው ሌላ ብረት ሁሉ ከጭቃው ወደ ውሃው ሊፈታ እንደሚችል በማከል ነው የጨረሱት።

መልስ 13 እና 14። ከዚያ አንዱ የኑክሌር ማመንጫ አደጋ የደረሰባትን የዩክሬኗን ቼርኖቤልን አመጣ፤ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ከአደጋው ቦታ አጠገብ ባለ ኩሬ ላይ የሱፍ አበባ በተንሳፋፊ መደብ ተተክሎ፣ ሥሩ ውሃ ውስጥ ተንጠልጥሎ፣ ጨረር አመንጪ ሲዚየምና ስትሮንቲየም እንደሰበሰበ ጠቅሶ፣ እዚያ ከሠራ እዚህ ለምን አይሠራም አለ። መሐንዲሱ በትዕግሥት መለሰለት። ጨረር አመንጪው ንጥረ ነገር አደገኛ ቢሆንም በክብደት እጅግ ጥቂት ስለሆነ ጥቂት ተክል ይበቃዋል፤ የቆዳ ማልፊያ ክሮሚየም ግን በኪሎ የሚመዘን ነው። የቼርኖቤሉም የሱፍ አበባ ከታጨደ በኋላ እንደ ጨረር ቆሻሻ የሚያዝ እንጂ ዘይት የሚጨመቅበት አልነበረም።

መልስ 15 የዘመቻውን ገንዘብና የአረም ማጨጃ ማሽኖቹን ጉዳይ አንሥቶ የተሳደበ ስለነበር አስተባባሪው ግማሹን ሰርዞታል፤ የቀረውም ከጉዳያችን ጋር ስለማይገናኝ አልፈዋለሁ።

መልስ 16። በቆዳ ሥራ የኖሩ ሰው ናቸው የጻፉት። በተለመደው አሠራር ወደ ማልፊያው በርሜል ከሚገባው ክሮሚየም ሲሶ ያህሉ ቆዳው ላይ ሳይያዝ ከፍሳሹ ጋር ይወጣል፤ ይህን ፍሳሽ ከሌላው ሳይቀላቅሉ ለብቻው ጠልፎ፣ ኖራ ወይም ማግኒዚየም ኦክሳይድ ጨምሮ ክሮሚየሙን ማዝቀጥ፣ ዝቃጩንም በሰልፈሪክ አሲድ አሟሙቶ ለማልፊያ መልሶ መጠቀም ይቻላል። አንዴ ከእጥበቱ፣ ከጨውና ከሰልፋይዱ ጋር በአንድ ቦይ ከተደባለቀ ግን የትኛውም ተክል አያድነውም። ስለዚህ ተክል የሚገባው መጨረሻ ላይ፣ ዋናው ብረት ከወጣ በኋላ፣ የተረፈውን ለማጥራት ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲሸፍን እንደሚያስገድድ ጠቅሰው፣ በበጎ ፈቃደኞችና በአረም ስም ይህ ግዴታ እንዳይድበሰበስ ጠንከር ባለ ቃል አስጠነቀቁ። የመድረኩ አንባቢዎች ይህንን አዋጅ ከእምቦጭ ይልቅ ቢያውቁት ደስ ይለኝ ነበር።

መልስ 17። ክሩን የከፈተው ተማሪ ተመለሰ፤ ጥያቄውን አጥብቦ ነው የመጣው። ፋብሪካውን ለፋብሪካው ትቶ፣ ከጋራዦችና ከላቫጆዎች ሰፈር በጎርፍ መውረጃ ቦይ ወደ ሐይቁ የሚወርደውን ውሃ፣ ከቦዩ አፍ ላይ በጠጠርና በፊላ በተሠራ አነስተኛ ረግረግ ማሳለፍ ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። እምቦጭን ከሐሳቡ አውጥቶታል። እዚያ የሚጠበቀው ከባትሪ የሚወጣ እርሳስ፣ ከጎማ የሚፋቅ ዚንክና የተቃጠለ ዘይት ስለሆነ መጠኑ ከፋብሪካ ጋር አይነጻጸርም፤ ዘይቱ ግን አስቀድሞ በማጥመጃ ጉድጓድ መቅረት አለበት።

መልስ 18። የሽምብጧ እኅት ከመትከሉ በፊት መለካት እንዳለበት ዘርዝረው ጻፉለት። ናሙና የሚወሰደው በፕላስቲክ ጠርሙስ ነው፤ የሟሟው ብረት ለብቻው እንዲታወቅ ግማሹ በ0.45 ማይክሮን ማጣሪያ ያልፋል፤ ከዚያም ብረቱ ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ እንዳይጣበቅ ጥቂት ናይትሪክ አሲድ ይጨመርበታል። አንዱ ናሙና በክረምቱ መግቢያ የመጀመሪያው ጎርፍ ሲወርድ መወሰድ አለበት፤ በበጋ ቦዩ ላይ የተጠራቀመውን ሁሉ ይዞ የሚወርደው እሱ ነውና። ከጋራዦቹ በላይ ያለው ቦይም አብሮ ይለካል፤ የጣና ተፋሰስ ድንጋይ ባዛልት ስለሆነ አፈሩ ራሱ በተፈጥሮው ክሮሚየምና ኒኬል ይይዛል፣ ያንን ሳያውቁ ሁሉንም በጋራዥ ማሳበብ አይገባም። ውጤቱ ሲመጣ ለማነጻጸሪያ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ልክ ለእርሳስ በሊትር 0.01፣ ለካድሚየም 0.003፣ ለአጠቃላይ ክሮሚየም 0.05 ሚሊግራም ነው፤ የቦይ ውሃ መጠጥ ባይሆንም ቁጥሩን ለማንበብ ይረዳል ብለዋል።

መልስ 19። እስካሁን የመጨረሻው ነው። በቦይ ጠረጋ የሠራ ሰው ነው የጻፈው፤ ቃሉ ጥቂት ነበር። በየዓመቱ ከክረምት በፊት ከቦዮች የሚዛቀው ጭቃ ብዙ ጊዜ እዚያው ጠርዙ ላይ ይከመራል፤ የሚያነሣው መኪና ካልመጣ ዝናቡ መልሶ ያወርደዋል። ረግረጉ ተሠርቶ በሁለት በሦስት ዓመት ጭቃው ሲሞላ የሚዛቀው በዚያው አካፋ ስለሚሆን፣ መኪናውና የሚራገፍበት የተከለለ ቦታ ከፊላው ችግኝ በፊት ይዘጋጅ ብሏል። ተማሪው እስካሁን አልመለሰለትም፤ የተከለለ የማራገፊያ ቦታን ጉዳይ በተግባር የሚያውቅ ካለ ከዚህ በታች ይጻፍ፣ ስለ እምቦጭ ጥቅም አዲስ መልስ ግን መልስ 3 እና 12 ሳይነበቡ ባይጻፍ ይመረጣል።